ስለ መጎተት ትክክለኝነት፤ ማውስ የያዘ እጅና መስታወት የነካ ጣት እንዴት ይመዘናሉ?

ኮምፒዩተር መማር የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሁለት የእጅ ሥራ ይማራል። አንደኛው ጠቅ ማድረግ፥ ሁለተኛው መጎተት ነው። ጠቅ ማድረግ ማለት ቀስቱን ከተፈለገው ቦታ አድርሶ የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ ወዲያው መልቀቅ ነው። መጎተት ግን ቁልፉን ተጭኖ፥ ሳይለቁ ይዞ፥ የያዙትን ነገር ከነበረበት ወደሚሄድበት ስፍራ ማድረስ፥ ሲደርሱም እዚያው ላይ መልቀቅ ነው። በስልክና በታብሌትም ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በቁልፍ ፈንታ ጣት ራሱ መስታወቱን መንካቱ ብቻ ነው። ስልካችንን ለመክፈት በዘጠኙ ነጥቦች ላይ መስመር ስንስል፥ የፎቶግራፍ ዳር ስንቆርጥ፥ ያመለጠንን የትምህርት ቪዲዮ ወደ ኋላ ስንመልስ የምንሠራው ሁሉ መጎተት ነው።

ይህን ጉዳይ በመጽሔታችን ላይ ለማንሣት ያስገደደኝ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀትም በኮምፒዩተርም ተሰጠ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮምፒዩተር የሚፈተነው ተማሪ በረከተ። እንግዲህ ከቤቱ ኮምፒዩተር ያለው የአዲስ አበባ ልጅና ከጫንጮ ዙሪያ ገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ ማለት ነው። ከስክሪኑ የሚረዝም ገጽ በመጣ ጊዜ አንደኛው በገጹ ቀኝ ዳር ያለውን ማንሸራተቻ ይዞ ሳያስበው ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይስተዋል፥ በሦስተኛው ይይዛል፥ ወዲያውም ያመልጠዋል። ይህ ልጅ ደቂቃ ቢያጣ ከዕውቀቱ ያጣው ነገር የለም፤ ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ግን ከዕውቀቱ እንደ ጎደለ ሆኖ ይቈጠርበታል። ስለዚህ የእጅ ትክክለኝነት የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም።

መጎተት ከጠቅታ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ እጅ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራልና። ጣት ቁልፉን እንዳይለቅ ይጨምቃል፤ አንጓና ክንድ ደግሞ ማውሱን ይነዳሉ። የሚጨመቅ እጅ ይደርቃል፥ የደረቀ እጅም በለስላሳ አይሄድም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 (የውጭውን ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እሰጣለሁ) ስኮት ማኬንዚ፥ አቢጌይል ሴለንና ዊልያም በክስተን የተባሉ ተመራማሪዎች ማውስን፥ በብዕር የሚሠራ ሰሌዳንና የምትሽከረከር ኳስ ያለችውን መሣሪያ ወስደው ጠቅታንና መጎተትን አወዳደሩ። በመጎተት ጊዜ ሥራው እንደሚዘገይና ስሕተቱም እንደሚበዛ አገኙ። ብዕሩ በመጠቆም ከማውሱ ይበልጥ ነበር፤ በመጎተት ግን ብልጫው አልታየም።

ነገር ግን «ይከብዳል» ማለት ብቻ ትምህርት አይሆንም። ስንት ይከብዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን መለኪያ የተገኘው ማውስ ከመሠራቱ በፊት ነው። በ1954 ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ሰዎችን የብረት ዘንግ አስይዞ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች ላይ እያፈራረቁ በፍጥነት እንዲነኩ አደረገ። የሰሌዳዎቹን ስፋትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት እየለዋወጠ ሰዓቱን ለካ። ያገኘውም ደንብ እንዲህ ነው፤ የርቀቱን እጥፍ ለስፋቱ አካፍሉ፤ የደረሰው ቁጥር 1 እስኪሆን ድረስ ስንት ጊዜ ለ2 እንደሚካፈል ቁጠሩ፤ ያ የሥራው የክብደት ደረጃ ነው። (ሎጋሪዝም የተማሩት መሠረቱ 2 የሆነ ሎጋሪዝም መሆኑን ወዲያው ያስተውላሉ።) የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ደረጃ ጋር አብሮ በእኩል ልክ ያድጋል።

ለምሳሌ ያህል ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር፥ የሰሌዳው ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ የርቀቱ እጥፍ 32 ነው፤ ለ2 ሲካፈል 16 ይሆናል፤ 16 ደግሞ አራት ጊዜ ለ2 ተካፍሎ 1 ይደርሳል። ደረጃው 4 ነው። ስፋቱን አጥብበን 1 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ደረጃው 5 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ዒላማው በግማሽ ሲጠብ ክብደቱ እጥፍ አልሆነም፤ አንድ ደረጃ ብቻ ጨመረ። ርቀቱንም ስፋቱንም እጥፍ ብናደርጋቸው ደግሞ ደረጃው ምንም አይለወጥም። ዳግላስ ኤንግልባርትና ዊልያም ኢንግሊሽ በ1964 የመጀመሪያውን ከእንጨት የተሠራ ማውስ ካስገኙ በኋላ፥ በ1978 ስቱዋርት ካርድ፥ ይኸው ኢንግሊሽና ቤቲ በር ማውስን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲያወዳድሩት ይህ የፊትስ ደንብ በማውስም ላይ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ጠብቆ መጎተት ግን ሌላ ሕግ አለው፤ የትምህርቱም ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል። ወተት የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚሄድን ሰው አስቡ። ሜዳ ላይ ከሆነ የሚያስበው ስለሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። በሁለት ቦይ መካከል ባለች ጠባብ ድንበር ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ለራሱ ዒላማ ነው፤ በየትኛውም ስፍራ ቢስት ይወድቃል። በ1997 ዦኒ አኮና ሹሚን ዣይ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በስክሪን ላይ ለክተው፥ በጠባብ መንገድ ውስጥ ለመጓዝ የሚፈጀው ጊዜ የመንገዱ ርዝመት ለስፋቱ ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንገድ ክብደቱ 16 ነው። ስፋቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲሆን 32 ይሆናል። እዚህ ላይ ግማሽ ማጥበብ ሙሉ እጥፍ ያከብዳል ማለት ነው። በአንድ ማውጫ ውስጥ ሌላ ማውጫ ሲከፈት፥ ከዚያም ቀስታችን ትንሽ ወደ ታች ስታዘነብል ድንገት የሚዘጋብን ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ያ ማውጫ ቀጭንና ረዥም መንገድ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንለፍ። በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ሳያስፈልግ በወረቀት የሚሠራው ነው። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ስፋታቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፥ ከመካከል እስከ መካከል 16 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቁም ሰቆች በማስመሪያ ሥሩ። ጓደኛችሁ ሰዓት ይያዝ። ለ15 ሰከንድ በእርሳስ እያፈራረቃችሁ በሁለቱም ላይ ነጥብ አስቀምጡ፤ ከዚያም ነጥቦቹን ቁጠሩ፥ ከሰቁ ውጭ የወደቁትንም ለብቻ ቁጠሩ። 15ን ለነጥቦቹ ብዛት ብታካፍሉ አንዱ እንቅስቃሴ የሚፈጀው ጊዜ ይወጣል። በ1 ሴንቲ ሜትር ሰቅ ድገሙት። ቀጥሎም ርዝመታቸው 16 ሴንቲ ሜትር፥ ስፋታቸው አንዱ 1፥ ሌላው ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መንገዶች ሠርታችሁ እርሳሱን ሳታነሡ፥ ዳሩንም ሳትነኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱባቸው። የሰቁ ጊዜ በጥቂት፥ የመንገዱ ጊዜ ግን በብዙ ሲጨምር በገዛ እጃችሁ ታያላችሁ። ከመጽሐፍ የሚነበብ ደንብ እንዲህ በጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ደስ ያሰኛል።

ከወረቀት የማይገኝ ግን አንድ ነገር አለ። እርሳስ ስንይዝ ዐይናችንና እጃችን አንድ ቦታ ናቸው፤ ማውስ ስንይዝ እጅ ጠረጴዛ ላይ፥ ዐይን ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ክፍል ተራ ሲደርሳችሁ «ፔይንት» የተባለውን የሥዕል መሥሪያ ክፈቱ። ርዝመቱ 800 ፒክስል፥ ስፋቱ 40 ፒክስል የሆነ መንገድ በሁለት ቀጥታ መስመር ሥሩ፤ መስመሩ እንዳይጣመም «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ ይዛችሁ መሳብ ነው። ከሥሩም ስፋቱ 20፥ ከዚያም 10 ፒክስል የሆነ ሌላ ጨምሩ። ክብደታቸው 20፥ 40፥ 80 መሆኑን አስሉ። ከዚያም በእርሳሱ ምልክት በየመንገዱ ውስጥ ጎትቱ። በእያንዳንዱ መንገድ ዘጠኝ ጊዜ ሂዱ፤ የዘጠኙን ሰዓት ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ አምስተኛውን ውሰዱ። አማካይ ያልወሰድንበት ምክንያት አለ፤ ተማሪው በመካከል ቢያስነጥሰው ያ አንድ ሙከራ አማካዩን ያበላሻል፥ መካከለኛውን ግን አይነካውም። ዳር የነካችሁበትንም ጊዜ ቁጠሩ። ሰዓትን ብቻ የሚጽፍ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ግድ የለሽ ሁሉ ፈጣን ነውና። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2000 ባወጣው የመጠቆሚያ መሣሪያዎች መመዘኛ ላይም ፍጥነትና ትክክለኝነት ተዋሕደው በአንድ ቁጥር እንዲሰሉ ተደርጓል።

ስለ ስልክም እንዲሁ መመዘን ይቻላል፤ መሣሪያውም በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። «ሴቲንግስ» ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ገጽ ከፍታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ብትነኩ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚባል ክፍል ይከፈታል። ከዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን ስታበሩ ጣታችሁ የሄደበት መንገድ ሁሉ በስክሪኑ ላይ በመስመር ይታያል። (በዚያ ክፍል ያለውን ሌላውን ነገር አትንኩ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ አጥፉት።) የፕላስቲክ ማስመሪያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በስክሪኑ ላይ አጋድማችሁ በዳሩ ላይ ጣታችሁን እጅግ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። የብረት ማስመሪያ ግን አይሆንም፤ ይቧጭራል፥ የስክሪኑንም ስሜት ያውካል። ማስመሪያው ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ መስመሩ እንደ እባብ ከተጣመመ ጥፋቱ ከእጅ ሳይሆን ከመሣሪያው ነው። በ2010 ሞቶ የተባለ የአሜሪካ የንድፍ ድርጅት የልዩ ልዩ ኩባንያዎችን ስልኮች ያወዳደረው በዚሁ በአግዳሚ መስመር ዘዴ ነበር። ደግሞም ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ ጣት ያልሄደበትን መንገድ የሚያሳይ ከሆነ፥ ከግድግዳው ነቅላችሁ ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ መንሥኤው ጥራት የሌለው ቻርጀር ነው። እንዲህ የእጅን ስሕተት ከመሣሪያው ስሕተት ሳይለዩ ልምምድ መጀመር ዛቢያው በተናጋ ሚዛን እህል እንደ መስፈር ይሆናል።

የጣት ልዩ ችግር መሸፈኑ ነው። ጣታችን ያረፈበትን ነገር ራሱ ይጋርደዋልና ወዴት እንደ ደረስን አናይም። ስለዚህም ነው በ1988 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ፖተር፥ ሊንዳ ዌልደንና ቤን ሽናይደርማን ምልክቷን ከጣት በላይ ከፍ አድርገው፥ ምርጫውም ጣት ሲነሣ ብቻ እንዲጸና ያደረጉት፤ ስሕተቱም ቀነሰ። እኛም ይህን በየቀኑ እንሠራዋለን። በአንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎች ላይ ፊደሉን ተጭነን ይዘን ከግዕዝ ወደ ካዕብ፥ ከሣልስ ወደ ራብዕ ጣታችንን እናንሸራትታለን፤ አንድ ቤት ያለፈ ጣት «በላ» ሊል «በሌ» ይላል። በቁቤ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ከዚህኛው ጣጣ ነፃ ናቸው።

ለማሻሻል የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ስሕተቱ ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይወቅ። መጎተት ሦስት ክፍል አለው፤ መያዝ፥ መንዳት፥ መልቀቅ። በመያዝ ላይ የሚስት ሰው ቀስቱ ሳይቆም ቁልፉን የሚጫን ነው፤ መድኃኒቱ ቆሞ መጫን ነው። በመንዳት ላይ የሚስት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸኩል ነው። ሮበርት ውድወርዝ በ1899 ሰዎችን በተወሰነ ምት መስመር እያሰመረ ሲመረምር፥ ምቱ በደቂቃ ወደ 140 ሲደርስ ዐይን መክፈትና መጨፈን በትክክለኝነት ላይ ልዩነት እንደማያመጣ አገኘ፤ ዐይን እጅን ለማረም ፋታ ያስፈልገዋልና። ስለዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ቀስ በሉ፥ ዐይናችሁንም ከቀስቱ ፊት ጥቂት አስቀድሙ። ገበሬ እርፉን ይዞ ትልሙን የሚያቀናው እግሩን እያየ አይደለም። በመልቀቅ ላይ የሚሳሳት ግን ከሁሉ ይበዛል፤ ጣት ሲነሣ እጅን ይገፋዋል፥ ዕቃውም ከቦታው ይንሸራተታል። እዚህ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ ጣቱን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል።

ስለ ዕቃውም ጥቂት ልበል። ዛሬ የምንጠቀምበት ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ነው እንቅስቃሴውን የሚያውቀው፤ ስለዚህ በመስታወትና በሚያብለጨልጭ ጠረጴዛ ላይ ይደናበራል። ማውስ ፓድ ከሌለ አንድ ነጭ ወረቀት ወይም የደብተር ገጽ ከሥሩ ማንጠፍ ሥራውን ያቀናል። በዊንዶውስ የቀስቱን ፍጥነት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ለጀማሪ ከመካከለኛው ዝቅ ማድረግ ይሻላል። «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለው ምልክት በርቶ ከሆነ እጅ ያው አንድ ስንዝር ቢሄድም ቀስቱ እንደ ፍጥነቱ አንዴ ብዙ፥ አንዴ ጥቂት ይሄዳል፤ እኔ በልምምድ ጊዜ ቢጠፋ እመርጣለሁ፥ እጅ አንድ ልክ ይማር ዘንድ። መያዝና መንዳትን አብሮ ለማይችል እጅ ደግሞ «ክሊክ ሎክ» የሚባል አለ፤ ቁልፉን ጥቂት ተጭነው ሲለቁት እንደ ተያዘ ይቈጥረዋል። በጫንጮ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ስለሚሆን ጣት ይደነዝዛል፤ ጓንት ያደረገ ጣትንም ብዙው ስክሪን አያውቀውም። እንግዲህ በብርድ ጊዜ ከልምምድ በፊት እጅን ማሟሟቅ፥ የረጠበ ከሆነም ማድረቅ ነው፤ በመስታወቱ ላይ ያለ የውኃ ጠብታ እንደ ሌላ ጣት ሊቈጠር ይችላልና።

በየቀኑ 10 ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ከመለማመድ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ መሻሻሉ ፈጣን ነው፥ በኋላ ይዘገያል እንጂ በቶሎ አይቆምም፤ ክሮስማን የተባለ እንግሊዛዊ በ1959 ባወጣው ጥናት ሲጋር የሚሠሩ ሠራተኞች ፍጥነት ለዓመታት መጨመሩን አሳይቷል። መምህር በማጣትም ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ፥ በየመንደሩ ሃያ ለሚሆኑ፥ ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በፀሐይ ኀይል የሚሞላ ታብሌት ሰጥቶ ያለ አስተማሪ ተዋቸው፤ ልጆቹም ራሳቸው ከፍተው በጣታቸው ይሠሩበት ጀመር።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁሉ በተማሪው እጅ ላይ እንዲጣል አልፈልግም። የፊትስ ደንብና የጠባቡ መንገድ ሕግ የሚናገሩት ስለ እጅ ብቻ ሳይሆን ስለ ስክሪኑም ነው፤ ስፋቱን የሚወስነው ገጹን የሠራው ሰው ነውና። በጥቅምት 2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 በመጎተት የሚሠራ ነገር፥ ያለ መጎተት ከቶ የማይሆን ካልሆነ በቀር፥ ሳይጎተት በነጠላ ጠቅታ የሚሠራበት ሌላ መንገድ እንዲኖረው ያዝዛል፤ የሚነካውም ምልክት ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን፥ ካነሰም በዙሪያው ክፍት ቦታ እንዲተውለት ይጠይቃል። ይህ ለእጀ ሰባራና እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ማውስ ይዞ ለማያውቅ የገጠር ልጅም ያው እኩል ይጠቅመዋል። የፈተና ገጽ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢያከብሩ፥ ማንሸራተቻውን ወፍራም፥ የመልሱንም ክብ ሰፊ ቢያደርጉ፥ የሚመዝኑት ዕውቀትን ይሆናል።

ከላይ የተነገረውን ፈተና የሚሠራ ተማሪ በደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ ያስምር፤ ቀን፥ የመንገዱ ስፋት፥ መካከለኛው ሰዓት፥ ዳር የተነካበት ብዛት፥ ማውስ ወይም ጣት። ከአራት ሳምንት በኋላ ባለ 40 ፒክስሉንና ባለ 20 ፒክስሉን ሰዓት አወዳድሩ። የጠባቡ ሰዓት ከሰፊው ሁለት እጥፍ ገደማ ከሆነ እጃችሁ በሕጉ ይሄዳል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ ቁልፉን አጥብቃችሁ እየጨመቃችሁ ይሆናልና አያያዛችሁን ተመልከቱ።